አንባቢው የሚመርጥበት ታሪክ፦ ሙያው ከየት ይጀመራል?

ጌም መጻፍ፣ በምርጫ የሚጓዝ ታሪክ መሥራት ወይም በስልክ ቁልፍ የሚመራ የድምፅ ትረካ መንደፍ የምትፈልጉ ሰዎች ብዙ ጊዜ «ምን ልማር?» ብላችሁ ትጀምራላችሁ። እኔ ግን ከመማር በፊት አንድ ነገር ሠርታችሁ ጨርሱ እላለሁ፦ ማንም ሰው በስልኩ ከፍቶ በአሥራ አምስት ደቂቃ እስከ መጨረሻው የሚሄድበት አጭር ታሪክ። ቀጣሪ «እስኪ ሥራህን አሳየኝ» ሲል የሚከፍተው እሱን ነው። የምታውቁትንና የማታውቁትን ለይቶ የሚያሳያችሁም እሱ ነው። በተለይ በአማርኛ ያለቀ፣ የተስተካከለና የሚነካ ሥራ ይዞ የሚመጣ ሰው ገና ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ይታያል። ከዚህ በታች ያለው ያንን አንድ ሥራ ከባዶ ወረቀት ተነሥታችሁ አንባቢ እጅ እስክታደርሱት፣ ከዚያም የመጀመሪያውን ውል እስክትፈርሙ ድረስ ያለው መንገድ ነው። ዓመቶቹን የጻፍኩት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ

በተለመደው ልቦለድ ደራሲው ይወስናል፣ አንባቢው ይከተላል። እዚህ አንባቢው መንገድ ላይ ይጠየቃል፤ መልሱም ቀጥሎ የሚመጣውን ይለውጣል። ሐሳቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። እንቆቅልሽ ተጫውቶ ያደገ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፦ መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፣ ጠያቂውም የተሰጠውን አገር ይዞ ጨዋታውን ይቀጥላል። በኮምፒዩተር በኩል ከቀደምቶቹ አንዱ ዊል ክራውዘር የተባለ አሜሪካዊ ፕሮግራመር በ1976 በጽሑፍ ብቻ የሠራው የዋሻ ጉዞ ነው። በመጽሐፍ ደግሞ ኤድዋርድ ፓካርድ በ1979 ያሳተመው «የጊዜ ዋሻ» ልጆችን በምርጫቸው ከገጽ ወደ ገጽ እያዘለለ የሚወስድ ነበር። በ2018 ኔትፍሊክስ ያቀረበው «ባንደርስናች» ይህንኑ ወደ ፊልም አመጣው፤ ጸሐፊው ቻርሊ ብሩከር ቅርንጫፎቹን መጀመሪያ የዘረጋበት ነፃ መሣሪያ እናንተም ዛሬ ማታ ልትከፍቱት የምትችሉት ትዋይን ነው።

በስቱዲዮዎች ውስጥ ሁለት የሥራ መደቦች አሉ። የጌም ጸሐፊው ንግግሩንና ገለጻውን ይጽፋል። ናራቲቭ ዲዛይነሩ ምርጫው የት ላይ እንደሚመጣ፣ ጌሙ ስለ ተጫዋቹ ምን እንደሚያስታውስና ያስታወሰውን መቼ እንደሚመልስለት ይነድፋል። በትናንሽ ቡድኖች ሁለቱንም የሚሠራው አንድ ሰው ስለሆነ ሁለቱንም ተማሩ።

እንጀራው የት ነው ለሚል ጥያቄ እውነቱን መናገር ይሻላል። በኢትዮጵያ የጌም ስቱዲዮዎች ጥቂት ናቸው። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ የሠራው፣ ከገበሬ የምታመልጥ ዶሮ ያለችበት «ኩኩሉ» የተባለ ጌም እዚሁ መሥራት እንደሚቻል አሳይቷል። በአህጉሩ ደግሞ ከ2009 ጀምሮ በጋናና በኬንያ የሚሠራው ሌቲ አርትስ፣ በ2016 «አውሪዮን»ን ያወጣው የካሜሩኑ ኪሮኦ ጌምስ አሉ። ያም ሆኖ በአገር ውስጥ ለዚህ ሙያ የሚከፈለው አብዛኛው ገንዘብ ያለው «ጌም» የሚል ስም በሌለበት ቦታ ይመስለኛል፦ ለሠራተኞች በሚዘጋጅ ሥልጠና፣ በጤና ትምህርት፣ በባንክና በሞባይል አፕሊኬሽን ጽሑፍ፣ በድምፅ የስልክ አገልግሎት። የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ በ2014 የጀመረውን 8028 የአርሶ አደሮች ነፃ የስልክ መስመር ደውላችሁ ስሙት። አንድ ሰው ቁጥር እየተጫነ ወደሚፈልገው ምክር ይደርሳል። እያንዳንዱን «ይህን ለመስማት ይህን ይጫኑ» የሚል ዓረፍተ ነገር የጻፈና ደዋዩ ግራ ሲጋባ ወዴት እንደሚመለስ ያሰበ ሰው አለ። ያ ሰው እናንተ ልትሆኑ ትችላላችሁ።

እርሳስ ይዛችሁ ተጫወቱ

ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ሦስት ሥራዎች አጥኑ። የምመርጥላችሁ መጀመሪያ «80 ዴይስ»ን ነው። ኢንክል የተባለው የካምብሪጅ ስቱዲዮ በ2014 ያወጣው ሲሆን አብዛኛውን የጻፈችው ሜግ ጃያንት ናት። ከ500,000 ቃላት በላይ አለው፤ ሆኖም አንድ ተጫዋች በአንድ ዙር የሚያየው ትንሹን ክፍል ብቻ ነው። ከዚያ «ዲስኮ ኢሊዚየም»ን ተመልከቱ። በ2019 የወጣ ነው፤ የመሩት ኢስቶኒያዊው ሮበርት ኩርቪትዝ ከጌም በፊት ልቦለድ ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያችሁ ገፍቶ ወይም ከሥነ ጽሑፍ፣ ከቴአትር፣ ከጋዜጠኝነት መጥታችሁ «ዘግይቻለሁ» የምትሉ ካላችሁ ይህ ይበቃችኋል። ከዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ት/ቤት የወጣ ሰው ስለ ንግግር የሚያውቀው፣ ከአለ የሥነ ጥበብ ት/ቤት የወጣች ሠዓሊ ስለ ዓይን አቅጣጫ የምታውቀው ሁሉ እዚህ ሥራ ላይ ይውላል።

ስትጫወቱ ሁለት ጊዜ ተጫወቱ፤ ሁለተኛውን በተቃራኒው ምርጫ። በወረቀት ላይ እያንዳንዱን ትዕይንት በክብ፣ እያንዳንዱን ምርጫ በቀስት ሣሉ። የመጀመሪያው ግኝታችሁ ብዙዎቹ ቀስቶች ተለያይተው መልሰው አንድ ቦታ መገናኘታቸው ይሆናል። ይህን ስታዩ «ታዲያ ምርጫው ውሸት ነበር?» ትላላችሁ። ጥያቄውን ያዙት፤ መልሱ ከፊታችን ነው።

አንድ ቅጽበት ምረጡ

ጀማሪ የሚወድቀው አንድ መንግሥት፣ ሦስት ጦርነትና አሥራ ሁለት ገጸ ባሕርይ ይዞ ሲነሣ ነው። እናንተ ሰው የሚወስንበትን አንድ ቅጽበት ያዙ። ምሳሌ ልስጣችሁና እስከ መጨረሻው አብረን እንያዘው።

ጥሪው የመጣው ከጅዳ ነው። ዘሃራ ታላቅ እህት ናት። ሰው ቤት እየሠራች ኮምቦልቻ ላይ ቤት እንዲሠራ ለዓመታት ገንዘብ ስትልክ ቆይታለች። ገንዘቡ ለአባትየው ሕክምና አልቋል፤ አባትየውም እንዳይነገራት አደራ ብለዋል። ዛሬ በኢሞ ደውላ፣ ፊቷ በስልኩ ላይ እየሳቀ፣ «እሺ፣ ቆርቆሮው ተመታ?» ትላለች። ስልኩን የያዘው አንባቢው ነው።

አሁን ምርጫዎቹን ጻፉ። ቶሎ ወደ እጅ የሚመጣው «እውነቱን እናገራለሁ» እና «እዋሻለሁ» ነው። ይህን አትጻፉ። አንባቢው የትኛው «ጥሩ» እንደሆነ ወዲያው ያውቃል፤ የሚያውቀውን ፈተና ደግሞ ማንም በልቡ አይሠራውም። ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት በእርግጥ የሚያደርገውን አስቡ፦

«አባባ ታመው ነበር» እላታለሁ።
ስልኩን ለእማዬ አቀብላለሁ።
«አይሰማም፣ ኔትወርኩ…» ብዬ እዘጋዋለሁ።
ካሜራውን አዙሬ የጎረቤቱን አዲስ ጣሪያ አሳያታለሁ።

እያንዳንዳቸው የሆነ ነገር ይሰጣሉ፣ የሆነ ነገር ይወስዳሉ። የመጀመሪያው የአባትን አደራ ያፈርሳል። ሁለተኛው ውሸቱን እናት ላይ ይጭናል። ሦስተኛው እስከ ማታ ብቻ ያቆያል፤ ዘሃራ መልሳ ትደውላለች። አራተኛው ከሁሉ ይከፋል፣ ምክንያቱም ዘሃራን እጅግ ደስ ያሰኛታል፤ በሳምንቱ ለበርና ለመስኮት የሚሆን ብር ትልካለች። እኔ ምርጫን የምለካው እንዲህ ነው፦ አንባቢው ከተጫነው በኋላ ስላልተጫነው ያስባል? ካላሰበ ምርጫው ቁልፍ ብቻ ነው።

ሌላም መታየት ያለበት ነገር አለ። ምርጫው ምን እንደሚያስከትል አንባቢው በከፊል መገመት መቻል አለበት። «ወደ ግራ» እና «ወደ ቀኝ» ብላችሁ ከሰጣችሁት የሚወስነው በዕድል ነው። ሙሉ በሙሉ ከገመተው ደግሞ መጫኑ ትርጉም የለውም። ጣሪያውን ያሳየ ሰው ዘሃራ እንደምትደሰት ያውቃል፤ ብር እንደምትጨምር ግን አላሰበም። ሲያነበው የሚደነግጠው «ይህንማ ማወቅ ነበረብኝ» ብሎ ነው። እንዲህ ያለውን ድንጋጤ ፈልጉ።

ካርታው

አንድ ስሌት ልንገራችሁ። አሥር ጊዜ ሁለት ሁለት ምርጫ ብትሰጡና ቅርንጫፎቹ ፈጽሞ ባይገናኙ 1,024 መጨረሻ ትጽፋላችሁ። ለእያንዳንዱ መጨረሻ መቶ ቃል ብቻ ብትመድቡ የመጨረሻዎቹ ገጾች ብቻ ከመቶ ሺህ ቃላት ያልፋሉ። ማንም እንዲህ አይሠራም። የሙያው ሰዎች መንገዶቹን ይከፍቷቸዋል፣ ጥቂት ትዕይንት ለየብቻ ያስኬዷቸዋል፣ ከዚያ ሁሉም በሚያልፍበት በር ይሰበስቧቸዋል።

በእኛ ታሪክ በሩ ዘሃራ «ለዒድ እመጣለሁ፣ ትኬት ቆርጫለሁ» የምትልበት ጥሪ ነው። አራቱም መንገድ እዚያ ይደርሳል። ልዩነቱ አንባቢው ይዞት የመጣው ሸክም ነው፤ ቀድሞ የጠየቃችሁት ጥያቄም የሚመለሰው እዚህ ነው። ጌሙ የሚያስታውሳቸው ሦስት ነገሮች ይበቃሉ፦ ዘሃራ እውነቱን ታውቃለች? አባት አደራቸው እንደፈረሰ ያውቃሉ? ተጨማሪ ብር ተልኳል? ኮምቦልቻ ስትደርስ ያለው ትዕይንት አንድ ነው፤ ሻንጣው ያው ነው፣ ሳቋ ያው ነው። እውነቱን ካወቀች ግን መጀመሪያ የምትጠይቀው «አባባ የት አሉ?» ነው። ጣሪያውን ካየች «ቤቱን አሳዩኝ» ነው። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተለወጠ፤ አንባቢው ግን ምርጫው እንደተቆጠረ አወቀ። ስለዚህ መገናኘታቸው ምርጫውን ውሸት አያደርገውም፤ ውሸት የሚያደርገው መርሳት ነው።

ካርታውን መጀመሪያ በወረቀት ሥሩት። እያንዳንዱን ትዕይንት በአንድ ቁራጭ ወረቀት ጻፉና ወለል ላይ ዘርጉት። በዚህ ደረጃ አንድ ትዕይንት መጣል ቀላል ነው፤ ኮምፒዩተር ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ሰው የጻፈውን ለመጣል ይሳሳል። ለመጀመሪያ ሥራ ከሃያ እስከ ሠላሳ ትዕይንት፣ ሦስት ወይም አራት መጨረሻ በቂ ነው።

መሣሪያ

የሦስት ነፃ መሣሪያዎችን ስም እጠራለሁ፤ እናንተ አንዱን ብቻ ያዙ።

ትዋይን በ2009 ክሪስ ክሊማስ ያወጣው ነው። በብራውዘር ይከፈታል፣ ኮድ ሳያውቁ ይጀመራል። አዲስ ታሪክ ትከፍታላችሁ፣ አንድ ሳጥን ይመጣል፣ ውስጡ ትጽፋላችሁ። ምርጫ ለማድረግ ቃላቱን በድርብ ማዕዘናዊ ቅንፍ ትከባላችሁ፦ [[ስልኩን ለእማዬ አቀብላለሁ]]። ሳጥኑን ስትዘጉት በዚያ ስም አዲስ ሳጥን ተፈጥሮ በቀስት ተያይዞ ታገኙታላችሁ። ወለል ላይ የዘረጋችሁት ካርታ ስክሪኑ ላይ መልሶ ይመጣል። ስትጨርሱ ታሪኩ አንድ የኤችቲኤምኤል ፋይል ሆኖ ይወጣል፤ ያለ ኢንተርኔት በማንኛውም ስልክ ብራውዘር ይከፈታል። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ በብራውዘር የምትሠሩት ታሪክ የሚቀመጠው እዚያው ብራውዘር ውስጥ ነው። የብራውዘሩ ዳታ ከተጠረገ ሥራችሁም አብሮ ይጠረጋል። በየቀኑ የታሪኮቻችሁን ማኅደር አውርዳችሁ ሌላ ቦታ፣ ለምሳሌ በቴሌግራም ለራሳችሁ ልካችሁ አስቀምጡ። ነገሮችን ማስታወስ የሚችለው ክፍል፣ ማለትም ሦስቱን ጥያቄዎቻችንን የሚይዘው፣ ትንሽ የኮድ ሰዋስው ይጠይቃል፤ በአንድ ከሰዓት በኋላ ተቀምጦ የሚለመድ ነው።

ኢንክ የ«80 ዴይስ» ሠሪዎች ለራሳቸው ሠርተው በ2016 ለሁሉም በነፃ የለቀቁት የጽሑፍ ቋንቋ ነው። ጽሑፍ እንደ ስክሪፕት ከላይ ወደ ታች ይጻፋል፤ ምርጫ በኮከብ ምልክት ይጀመራል፣ መንገድ በቀስት ይመራል። ካርታ በዓይን አያሳይም፤ ብዙ ንግግር ለሚጽፍ ግን እጅ አያስርም። ከትልልቅ የጌም መሥሪያ ሶፍትዌሮች ጋር ስለሚገናኝ በስቱዲዮ መቀጠር የሚፈልግ ሰው ሁለተኛ ሥራውን በእሱ ቢሠራ ይጠቅመዋል።

ሬንፓይ ከ2004 ጀምሮ ያለ ሲሆን ሥዕልና ድምፅ ላለው ታሪክ ይሆናል፤ የአንድሮይድ አፕሊኬሽንም ያወጣል። ሠዓሊ ጓደኛ ካላችሁ ይህን አስቡ። አማርኛ ስትጽፉበት ግን ፊደሉ በባዶ ሳጥኖች ተተክቶ ብታዩ አትደንግጡ። የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የዩኒኮድ መለያ ውስጥ ከ1999 ጀምሮ ስላለ ችግሩ አብሮ የሚመጣው ፎንት ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ወይም አቢሲኒካ የተባለውን ነፃ ፎንት አውርዳችሁ የጌሙ ፎልደር ውስጥ አስገቡ፤ በገጽታ ማስተካከያው ፋይል ውስጥ የጽሑፉ ፎንት የተጠቀሰበትን መስመር በአዲሱ ፎንት ስም ቀይሩ፤ የስሞችንና የቁልፎችን መስመርም እንደዚያው። ሥዕል ሳይጀመር ይህን ፈትሹ።

አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እቆያለሁ፤ በውጭ የተጻፉ መመሪያዎች አይነግሯችሁምና። በእንግሊዝኛ የሚጻፈው የምርጫ ታሪክ በብዛት ተጫዋቹን በቀጥታ እያናገረ ይሄዳል፤ ወንድም ሴትም ያንኑ ጽሑፍ ያነባሉ። በአማርኛ «በሩን ከፈትክ» ካላችሁ የአንባቢዎቻችሁን ግማሽ ወደ ውጭ አስቀርታችኋል። እያንዳንዱ ግሥ ጾታ ይጠይቃል። ይህን ጽሑፍ «እናንተ» እያልኩ የምጽፈውም ለዚሁ ነው፤ ብቻውን ስልክ ይዞ ለተቀመጠ የታሪክ ባለቤት ግን «እናንተ» አይሆንም።

መውጫዎቹ አራት ናቸው። አንደኛው መጀመሪያ ላይ ጾታውን ጠይቆ ሁለት ጽሑፍ መያዝ ነው፤ ይቻላል፣ ግን በየግሡ ሁለት መልክ መጻፍና መፈተሽ ስለሆነ ሥራውን ያበዛዋል። ሁለተኛው «እርስዎ» ነው። ለባንክ አፕሊኬሽን ወይም ለ8028 ዓይነት አገልግሎት ትክክለኛው እሱ ነው፤ ለቅርብ ታሪክ ግን አንባቢውን ቢሮ ውስጥ ያስቀምጠዋል። ሦስተኛው ተጫዋቹን የታወቀ ሰው ማድረግ ነው፦ ወንድሙ ከድር ነው ወይም እህቷ ሶፊያ ናት፣ አበቃ። አራተኛው እኔ የምወደው ነው፤ በ«እኔ» መጻፍ። «በሩን ከፈትኩ»፣ «አቀብላለሁ»፣ «እዘጋዋለሁ»፤ በአንደኛ መደብ ግሡ ጾታ አይጠይቅም። ከላይ ያሉትን አራት ምርጫዎች ተመልሳችሁ እዩ፤ ማንም ሊላቸው ይችላል። አንድ ቀዳዳ ይቀራል፦ ሌሎች ሲያናግሩን። ዘሃራ «ለምን አልነገርከኝም?» ወይም «ለምን አልነገርሽኝም?» ማለቷ አይቀርም። እዚያ ላይ «ለምን ተደበቀብኝ? እኔ ባዳ ነኝ?» ብትል ወቀሳውም ሐዘኑም ይጠነክራል፣ ጾታውም አይነሣም። ቋንቋው ያስገደዳችሁ ነገር የተሻለ ዓረፍተ ነገር የሚሰጥበት ጊዜ ብዙ ነው።

ማክበርና ማቅረብ ደግሞ ራሱ ምርጫ ሊሆን ይችላል። ነገሩን ሰምተው ለማስታረቅ የመጡ የሠፈር ሽማግሌ በር ላይ ቆመዋል እንበል። አንባቢው «ጋሼ፣ ይግቡ» ይላል ወይስ «ምን ፈልገው ነው?» ይላል? ወይስ ሁልጊዜ ከሚያከብራቸው ሰውዬ ጋር ዛሬ በ«አንተ» ይጀምራል? በአንድ ቃል ግንኙነት ይበላሻል፣ በአንድ ቃል ይጠገናል። ይህን የመሰለ መሣሪያ ይዘን የውጭ ጌሞችን የሰይፍና የወርቅ ምርጫ መቅዳት ያሳዝነኛል።

ለዓይንም አስቡ። የምርጫው ጽሑፍ ከስድስት ሰባት ቃል ካለፈ በትንሽ ስልክ ላይ ሦስት መስመር ይሆናል፤ አንባቢውም የመጀመሪያውን ብቻ አይቶ ይጫናል። ቁልፎቹ አውራ ጣት በሚደርስበት ቦታ፣ በበቂ ርቀት ይቀመጡ። ፎንቱን ከፍ፣ የመስመሮቹን ክፍተት ሰፋ አድርጉ፤ ፊደላችን ዝርዝር ስላለው ሲጨናነቅ «ሰ» እና «ሱ» ይመሳሰላሉ።

ዝም ብላችሁ ተመልከቱ

ሥራው ሲያልቅ ስልኩን ለአንድ ሰው ስጡና አጠገቡ ተቀመጡ። አታብራሩ፣ አትርዱ። ጣቱ የት እንደቆመ፣ የት ተመልሶ እንዳነበበ፣ የት ሳያነብ እንደተጫነ በማስታወሻ ያዙ። ሲጨርስ «ወደድከው?» አትበሉት፤ ሰው በይሉኝታ «አሪፍ ነው» ይላል። «ምን ሆነ?» በሉት፤ ታሪኩን ራሱ ይንገራችሁ። የዘለለው ነገር ያልተጻፈ ያህል ነው። አራት አምስት ሰው ካያችሁ በኋላ ተመሳሳይ ቦታ ላይ የሚደናቀፉ ከሆነ ያን አስተካክሉ።

የሌላ ሰው ሕይወት ከጻፋችሁ አንድ ተጨማሪ አንባቢ ያስፈልጋል። የዘሃራን ታሪክ የሚጽፍ ሰው ጅዳ ወይም ቤይሩት ሠርታ የተመለሰች ሴት ሳታየው ማውጣት የለበትም። ስልክ የምትደውልበትን ሰዓት፣ አሠሪ ሲመጣ ድምፅ የምትቀንስበትን መንገድ፣ ለምን ሁልጊዜ እየሳቀች እንደምትጀምር የምታውቀው እሷ ናት። ለጊዜዋ ክፈሏት፣ ከፈቀደች ስሟን በምስጋና ገጽ አስፍሩ።

ማውጣትና መታየት

ለአማርኛ አንባቢ መጀመሪያ ቴሌግራም። የትዋይኑ ፋይል ትንሽ ስለሆነ ካርድ አይበላም፤ ተቀባዩ አውርዶ በብራውዘር ይከፍተዋል። ከ2015 ጀምሮ ቴሌግራም ቦት ስለሚፈቅድ ኮድ የሚያውቅ ጓደኛ ካላችሁ ታሪኩን በቁልፍ የሚመልስ ቦት ማድረግም ይቻላል። ለዓለም ደግሞ ከ2013 ጀምሮ ያለው ኢች ዶት አይኦ ነፃ ገጽ ይሰጣል፤ ማመልከቻ ስትልኩ የምትሰጡት አድራሻ እሱ ይሁን።

ቀነ ገደብ ካላገኛችሁ የማትጨርሱ ከሆነ ውድድር ግቡ። ከ2009 ጀምሮ በየዓመቱ በጃንዋሪ ወር መጨረሻ አካባቢ የሚደረገው ግሎባል ጌም ጃም በጥቂት ቀናት ውስጥ ከቡድን ጋር ጌም ያሠራል። በከተማችሁ ጣቢያ ከሌለ እናንተው ማስመዝገብ ትችላላችሁ። ከ1995 ጀምሮ ያለው ዓመታዊው የኢንተራክቲቭ ፊክሽን ውድድር ደግሞ ዳኞች በሁለት ሰዓት ጨዋታ ውስጥ ነጥብ እንዲሰጡ ስለሚያዝ የርዝመት ልክ ያስተምራል።

ለቀጣሪ የምታሳዩት ሦስት ሥራ ይበቃል፦ አንድ ረጋ ያለ ታሪክ፣ አንድ በጃም የተሠራ የቡድን ሥራ፣ አንድ ደግሞ ጌም ያልሆነ፣ ለምሳሌ የደም ግፊት መድኃኒት ማቋረጥ ስላለው አደጋ የሚያስተምር አጭር የምርጫ ሥልጠና። ከእያንዳንዱ ጋር አንድ ገጽ ማብራሪያ አያይዙ፦ ምርጫዎቹን ለምን እንዲህ እንዳደረጋችሁ፣ አንባቢዎች የት እንደተሰናከሉ፣ ምን እንደቀየራችሁ። እኔ ብቀጥር መጀመሪያ የማነበው ይህን ገጽ ነው። ለውጭ ስቱዲዮ የምታመለክቱ ከሆነ አንዱን ሥራ በእንግሊዝኛ እንደገና ጻፉት፤ ከአማርኛው መስመር በመስመር አትገልብጡት። በአሜሪካ ወይም በእስራኤል የምትኖሩ ደግሞ በአካባቢያችሁ አማርኛ ለልጆች የሚያስተምሩ ሰዎችን አነጋግሩ፤ ልጅ እየመረጠ የሚያነበው የአማርኛ ታሪክ ለእነሱ የሚጠቅም ነገር ነው፣ ለእናንተም ጥሩ የመጀመሪያ ሥራ ይሆናል።

የመጀመሪያው ውል

ደንበኛው «አሥር ደቂቃ የሚወስድ ነገር ነው» ብሎ ዋጋ ሲጠይቃችሁ በአሥር ደቂቃ አትተምኑ። አንድ ተጠቃሚ 1,500 ቃል የሚያነብበት ሥራ በአራት መንገድ ሲከፈት የምትጽፉት 5,000 ሊደርስ ይችላል። ካርታውን መጀመሪያ ሠርታችሁ አሳዩ፤ የካርታው ሥራም ራሱን የቻለ ክፍያ ይኑረው። ውሉ ላይ የምትጽፉትን ጠቅላላ የቃል ብዛት፣ የትዕይንቶችን ቁጥር፣ ስንት ዙር እርማት በዋጋው ውስጥ እንዳለ አስፍሩ። ከጸደቀ በኋላ አዲስ ቅርንጫፍ ከተጠየቃችሁ አዲስ ዋጋ ነው፤ አንድ ቅርንጫፍ መጨመር ከኋላው ያሉትን ትዕይንቶች ሁሉ እንደገና ያስፈትሻልና።

ባለቤትነቱን አስቀድማችሁ ተነጋገሩ። በኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) መሠረት በቅጥር ወይም በአገልግሎት ውል የተሠራ ሥራ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ የመጀመሪያ ባለቤቱ አሠሪው ነው። ገጸ ባሕርያቱን ወደፊት ልትጠቀሙባቸው ከፈለጋችሁ፣ ወይም ቢያንስ ሥራውን በማሳያነት ልታቀርቡ ከፈለጋችሁ፣ በጽሑፍ ይግባ። «ሚስጥር ጠብቅ» የሚል አንቀጽ ካለ መቼ እንደሚያበቃ ጠይቁ።

ክፍያው እንዴት እንደሚደርሳችሁም ሥራ ሳትጀምሩ ይታወቅ። ለአገር ውስጥ ደንበኛ ቴሌብር ወይም የባንክ ዝውውር ነገሩን ይጨርሰዋል። ከውጭ ለሚመጣ ክፍያ ግን የትኛው መንገድ እናንተ ባላችሁበት አገር እንደሚሠራ በትንሽ ገንዘብ አስቀድማችሁ ሞክሩት፤ የማስተላለፊያውን ወጪ ማን እንደሚሸፍንም ዋጋ ስትነጋገሩ ይወሰን። ሲሶውን ቀብድ፣ ሲሶውን ካርታው ሲጸድቅ፣ የቀረውን ያለቀውን ፋይል ስታስረክቡ ተቀበሉ።